የሰይፍ ፊልም ለስንት ዓመት ልጅ?

ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



«ብሬቭሃርት» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1995 ለእይታ ሲበቃ፣ በአሜሪካ አንድ አባት የ6 ዓመት ልጁን እጁን ይዞ ወደ ሲኒማ ቤት ቢያስገባው የደረጃው ደንብ አይከለክለውም ነበር። በብሪታንያ ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ እናትና አባቱ አብረውት ቢመጡ እንኳ ከበር ይመለስ ነበር። ፊልሙ ያው አንድ ፊልም ነው። አሜሪካኖቹ የሰጡት «አር» የሚባል ደረጃ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ወይም ከሚያሳድገው ሰው ጋር እንዲገባ ይፈቅዳል። ብሪታንያውያን የሰጡት 15 ግን አጃቢ ቢኖርም ባይኖርም ዕድሜው ያልደረሰን አያሳልፍም። አንዱ አገር ፍርዱን ለወላጅ ተወ፤ ሌላው ለቁጥር ሰጠ።

በየቤታችን ግን በር ላይ የሚቆም ሰው የለም። ፊልሙ በዲሽ ይገባል፣ በፍላሽ ይገባል፣ በስልክ ይገባል። አባት ከሥራ ደክሞ መጥቶ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ፈረሰኞች ሜዳውን ሞልተውት ያገኛል፤ ልጆቹም እዚያው ሶፋው ላይ ናቸው። ልቀይረው ወይስ ልተወው? ይህ ጥያቄ በየቤቱ አለ። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዕለቱ ድካም፣ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ የሚሰጥ ነው። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ ከዚያ የበለጠ ጊዜ እንስጠው።

ምሳሌዬን «ብሬቭሃርት» ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ሜል ጊብሰን ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ የተወነበት፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ የምርጥ ፊልምንና የምርጥ አዘጋጅን ሽልማት ጨምሮ አምስት ኦስካር የወሰደ ሥራ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ዋላስ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ያነሣውን አመፅ ይተርካል። ብዙ አባቶች ይወዱታል፤ ስለ አገርና ስለ ነፃነት ስለሚናገር ለልጆቻቸው ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። «ጀግንነት ይማርበታል» ይላሉ። ይህን አሳብ አልንቀውም። ልጅ ጀግና ያስፈልገዋል። ሰይፍ፣ ፈረስና ግንብ ያለበት ታሪክ የልጅን ልብ የሚስበውም በከንቱ አይደለም፤ አንድ ሰው በክንዱ የተጣመመውን ሊያቀና የሚችልበት ዘመን ሆኖ ስለሚታየው ነው።

ሆኖም «ለልጅ ይሆናል ወይ?» ስንል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አዳብለን ነው የምንጠይቀው። አንደኛው፣ ያስፈራዋል ወይ? እንቅልፍ ይነሣዋል ወይ? ሁለተኛው፣ ሰው ስለ መግደል ምን ያስተምረዋል? ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ክፉኛ የሚያስፈራ ፊልም ስለ ሞት እውነቱን የሚናገር ሊሆን ይችላል። ልጁ እየሳቀና እያጨበጨበ የሚያየው ፊልም ደግሞ ሰው መግደል ቀላል ነገር መሆኑን ሊነግረው ይችላል። የዕድሜ ደረጃ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱንም በግማሽ። ሁለተኛውን ከወላጅ በቀር የሚመልስ የለም ብዬ አምናለሁ። ወላጅ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ሊያስረክበው እንደማይችል ማሳየት ነው የዛሬ ዓላማዬ።

ደረጃው እንዴት እንደሚሰጥ እንይ። የአሜሪካው አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 መጨረሻ ላይ ነው። መንግሥት ያወጣው ሕግ አይደለም፤ የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ለራሱ ያቆመው ነው። ፊልሞቹን አይተው ደረጃ የሚሰጡትም ራሳቸው ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም፣ ልጆች ያለ ከልካይ የሚገቡበትን «ፒጂ» የሚባል ደረጃ ይዞ ቀረበ። በውስጡ ግን የሰው ልብ ከደረቱ በእጅ ተመንጭቆ የሚወጣበት ትዕይንት ነበር። ወላጆች ተቆጡ። አዘጋጁ ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ መካከል ላይ አንድ ደረጃ ይጨመር የሚል አሳብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት «ፒጂ 13» ተፈጠረ። ወላጅን ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ተጠንቀቅ ይለዋል እንጂ ልጁን ከበር አይመልስም።

አሳቡ ቅን ነበር፤ ይዞት የመጣው ፈተና ግን ዛሬም አለ። ብዙ ወጪ ያወጣ ኩባንያ ወጣቱ ሁሉ እንዲገባለት ስለሚፈልግ፣ ጭካኔውን ሳይቀንስ ደሙን ብቻ መቀነስ ተማረ። «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከ1985 ጀምሮ በ«ፒጂ 13» ፊልሞች ውስጥ የሚታየው የጠመንጃ ጥቃት ከሦስት እጥፍ በላይ ማደጉን፣ በ2012 ደግሞ «አር» ከተሰጣቸው ፊልሞች የማያንስ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ያ ጥናት የቆጠረው ጠመንጃ ነው። ለሰይፉ ዘመን ፊልም ግን በዓይን የሚታይ ምስክር አለ።

አንትዋን ፉኳ ያዘጋጀው «ኪንግ አርተር» እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። አዘጋጁ የፈለገው ለአዋቂዎች የሚሆን፣ ቁስሉ የሚታይ ፊልም ነበር። ኩባንያው ግን በ«ፒጂ 13» እንዲቀርብ ስለወሰነ ደሙ ተቆርጦ ወጣ። በኋላ የአዘጋጁ ቅጂ በዲቪዲ ሲታተም ደሙ ተመለሰ። ጦርነቱ ያው ነው፤ ተዋናዮቹም ሰይፎቹም ያው ናቸው። በአንደኛው ቅጂ ሰይፍ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጠርቶ ይወጣል። በሁለተኛው ሰው ይቆስላል፣ ይደማል፣ ያቃስታል። ለልጅ ይሆናል ተብሎ የቀረበው የመጀመሪያው ነው! እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው። ልጁን ከደሙ ሸሸግነው፤ ግድያውን ግን አንድ ሳናስቀር አሳየነው። ሰው ተቆርጦ የማይደማበት፣ ወድቆም የማያለቅስበት ዓለም ሰጠነው።

ወደ «ብሬቭሃርት» ልመለስ። በአሜሪካ ከደረጃው ጎን የተጻፈው ምክንያት ባጭሩ፣ ጭካኔ የተሞላ የመካከለኛው ዘመን ውጊያ አለበት የሚል ነው። አዎ፣ አለበት። እግር ይቆረጣል፣ ራስ ይፈለጣል፣ እየጋለቡ የመጡ ፈረሶች በተሳለ እንጨት ላይ ይሰካሉ። ይሁን እንጂ ትንሽ ልጅን የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ይህ አይመስለኝም። ፊልሙ ገና ሲጀምር ያለውን ተመልከቱ። ትንሹ ዊሊያም አባቱን ተከትሎ ወደ አንድ ጎተራ ይሄዳል። የስኮትላንድ መኳንንት ለዕርቅ ንግግር ተጠርተው እዚያ ተሰቅለው ተገድለዋል፤ አብረዋቸው የመጡ ብላቴኖች ሳይቀሩ ተሰቅለዋል። ልጁ ገብቶ በተንጠለጠሉት ሬሳዎች መካከል ራሱን ያገኘዋል። ጥቂት ቆይቶ የገዛ አባቱና የወንድሙ ሬሳ ወደ ቤት ይመጣል። ሌሊት ደግሞ የሞተው አባቱ ዓይኑን ገልጦ ሲያናግረው በሕልሙ ያያል።

እዚህ ላይ የሚፈስ ደም እምብዛም የለም። ሰይፍም አልተመዘዘም። ነገር ግን አንድ የ6 ዓመት ልጅ ይህን ሲያይ በጎተራው ውስጥ የሚቆመው እሱ ራሱ ነው። አባት ሊሞት እንደሚችል፣ ልጅም ሊሰቀል እንደሚችል በአንድ ጊዜ ይነገረዋል። ከዚህ የሚከብድ ፍርሃት ለሕፃን የለም፤ ከደረጃው ጎን ባለው መስመር ውስጥ ግን አልተጻፈም።

ስለ ልጆችና ስለ ፊልም ፍርሃት ብዙ የመረመሩት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጆአን ካንተር ናቸው። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው «ኢንክሬዲብል ሐልክ» ከተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ አንድ ክፍል ለልጆች አሳዩ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ደግ ሰው ሲቆጣ ግዙፍ አረንጓዴ ፍጡር ይሆንና የተቸገሩትን ያድናል። ትልልቆቹ ልጆች ፍጡሩ አዳኝ መሆኑን ስለሚያውቁ ሲለወጥ አልደነገጡም። መዋዕለ ሕፃናት የሚሄዱት ግን ከሁሉ የበለጠ የፈሩት ሰውየው በሚለወጥበት ጊዜ ነበር። በሌላ ሙከራ የአንዲት አሮጊት ታሪክ ተሠራ። አሮጊቷ በአንዱ ቅጂ መልከ መልካም፣ በሌላው መልከ ክፉ ሆነች፤ ጠባይዋም እንዲሁ አንድ ጊዜ ደግ፣ አንድ ጊዜ ጨካኝ ተደረገ። ትንንሾቹ የፈረዱት በመልኳ ነበር። ከፍ ያሉት ግን በሥራዋ ፈረዱ።

ይህን ወደ ሰይፉ ፊልም ስናመጣው ብዙ ነገር ይፈታል። በ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ውስጥ ኦርክ የሚባሉ ፊታቸው የተበላሸ ፍጡራን አሉ። የ5 ዓመት ልጅ እነሱ ዝም ብለው ቢቆሙ እንኳ ይሸበራል፤ የ10 ዓመት ወንድሙ ደግሞ ሲወድቁ በደስታ ይዘላል። ወላጅ ይህን አይቶ «ትልቁ ጠንካራ ነው፤ ምንም አይፈራም» ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ወደ 7 እና 8 ዓመት ሲጠጋ የመልክ ፍርሃት ይቀንስለታል፤ በምትኩ በእውነተኛው ዓለም ሊደርስ የሚችለውን መፍራት ይጀምራል። ሌባን ይፈራል፣ እሳትን ይፈራል፣ ጦርነትን ይፈራል፣ የእናቱን መሞት ይፈራል። ስለዚህ ጭራቆቹን ያለ ምንም ጭንቀት ያየው ልጅ ጎተራውን ሲያይ ሊሰበር ይችላል። ሁለቱ ፊልሞች ሁለት የተለያዩ ፍርሃቶችን ነው የሚነኩት።

የ«ብሬቭሃርት» መጨረሻ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1305 ለንደን ውስጥ ተገደለ። ፊልሙ የስቃዩን ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ይከተላል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ይሳለቃል። ሆዱ ሲቀደድ ግን ካሜራው ቁስሉን አያሳይም፤ የሚያሳየው ፊቱን ነው። መጥረቢያው ሲወርድም የምናየው ከእጁ የሚወድቀውን መሀረብ ነው። በደም ብዛት ቢመዘን ይህ ትዕይንት ከጦር ሜዳው እጅግ ይቀላል። ልጅ ግን የሰው ፊት ማንበብ የጀመረው ገና በእናቱ ጡት ላይ ሳለ ነው። ስቃይን ከፊት ላይ ለማንበብ ቁስል ማየት አያስፈልገውም። ዓይኑን በእጁ ቢሸፍን ድምፁ በጆሮው ይገባል። «እኮ ምንም አልታየም!» የሚል ወላጅ ልጁ የሰማውን አልሰማም ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ፍርሃት በማግሥቱ ይረሳል የሚሉ አሉ። ክሪስቲን ሃሪሰንና ጆአን ካንተር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። ከዐሥሩ ዘጠኙ በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው የፈሩበትን ፊልም ወይም የቴሌቪዥን ዝግጅት ማስታወስ ችለዋል። ከአራቱ አንዱ ያህል ስሜቱ ዛሬም እንዳልለቀቃቸው ተናግረዋል።

ይህ ሁሉ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ የትምህርቱ ጥያቄ፣ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚማር ልጅ አያለቅስም። ምልክት አይሰጠንም።

አልበርት ባንዱራ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን የአሻንጉሊት ሙከራ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ልጆች አንድ አዋቂ በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አይተው እነሱም ደበደቡ። በሰፊው የሚነገረው ይህ ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን ሥራቸውን አብልጬ እመለከታለሁ። በዚያ ሙከራ አንዳንዶቹ ልጆች ደብዳቢው ሲሸለም አዩ፤ ሌሎቹ ሲቀጣ አዩ። ቅጣቱን ያዩት ልጆች ድብደባውን ብዙ አልደገሙትም። ኋላ ላይ ግን ያየኸውን ካደረግህ ሽልማት ታገኛለህ ሲባሉ ሁሉም እኩል አደረጉት። ቅጣት ማየታቸው እጃቸውን ያዘው እንጂ ትምህርቱን አላጠፋውም፤ ሁሉም ተምረውት ነበር። አሻንጉሊት መምታት ሰው መምታት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከአንድ ፊልም ወንጀለኛ ይወጣል ብዬም አልሰብክም። የምለው ይህን ያህል ነው። ልጅ ያየውን ይይዛል፤ መቼና በማን ላይ ማድረግ እንደሚፈቀድ ደግሞ ከታሪኩ አካሄድ ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የተካሄደ የቴሌቪዥን ጥቃት ብሔራዊ ጥናት፣ ጥቃት አደገኛ ትምህርት የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለይቶ ነበር። ገዳዩ የሚወደድ ሰው ሲሆን፣ ግድያው ተገቢ ሆኖ ሲቀርብ፣ ቅጣት ሳይከተለው ሲቀር፣ የተጎጂው ሕመም ሳይታይ ሲቀር፣ ከሳቅ ጋር ሲቀላቀል። እስቲ ይህን ይዛችሁ «ብሬቭሃርት»ን ተመልከቱት።

ንጉሥ ኤድዋርድ የልጁን ባልንጀራ በመስኮት ወርውሮ የሚገድልበት ትዕይንት አለ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ምክር ሲሰጥ ንጉሡ እያዋራ ወደ መስኮቱ ይወስደውና ይወረውረዋል። ትዕይንቱ የተሠራው ተመልካች እንዲስቅ ነው። ደም የለበትም፤ ጊዜውም አጭር ነው። ለእኔ ግን በፊልሙ ውስጥ ለልጅ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በጦር ሜዳው ሰው ሲሞት ቢያንስ ያስጨንቃል። እዚህ ግን ደካማ ሆኖ የቀረበ፣ የሚናቅ ሰው ሲሞት መሳቅ ይቻላል ይባላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኞቹ የሚያሾፉበት ልጅ ያለው ወላጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

በቀሉንም እንይ። የዋላስን ሚስት የእንግሊዝ ሹም እንጨት ላይ አስሮ አንገቷን ያርዳታል። ዋላስ መጥቶ ሹሙን በዚያው ቦታ በዚያው መንገድ ይገድለዋል። ፊልሙ እኛን ለዚያች ደቂቃ ሲያዘጋጀን ስለቆየ፣ ሲሆን ደረታችን ይቀልላል። አዋቂ ሰው በኋላ ቆም ብሎ «ምን ነካኝ?» ሊል ይችላል። የ9 ዓመት ልጅ ግን ያን ደስታ የሚመረምርበት ዕድሜ ላይ አይደለም። የተነገረው ነገር ግልጽ ነው፤ የተበደለ ሰው ቢገድል ያምርበታል።

እንግዲህ ደም የሌለበት ፊልም ሁሉ ውሸታም፣ ደም ያለበት ሁሉ እውነተኛ ነው እያልሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ኤሮል ፍሊን የተወነበት የሮቢን ሁድ ፊልም ወጣ። ሃዋርድ ሂል የተባለ ስመ ጥር ቀስተኛ፣ ልብሳቸው ሥር መከላከያ ባደረጉ ሰዎች ላይ እውነተኛ ፍላጻ ይተኩስ ነበር፤ ሰዎቹም በአንድ ፍላጻ 150 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ፍላጻው ይሰካል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ጠብታ ደም የለም። ይህን ፊልም ግን ለ8 ዓመት ልጅ ያለ ስጋት አሳየዋለሁ። ቀለሙ፣ ሳቁ፣ ከደረጃ ወደ ደረጃ እየዘለሉ የሚደረገው የሰይፍ ግጥሚያ ሁሉ ጨዋታ ነኝ ብሎ ራሱን ይገልጣል፤ ልጁም ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። «ኪንግ አርተር» ግን ከአፈ ታሪኩ በስተጀርባ ያለውን እውነት ላሳያችሁ ብሎ የተነሣ ነው። ጭቃው እውነት፣ ብርዱ እውነት፣ ሐዘኑ እውነት ሆኖ ሳለ መግደሉ ብቻ ንጹሕ ከሆነ ልጁ ተታሏል።

በተቃራኒው ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን «ኪንግደም ኦፍ ሄቨን» ውሰዱ። በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላሃዲን እጅ የወደቀችበትን ጊዜ ይተርካል። ደሙ ብዙ ነው፤ በአሜሪካ «አር» ተሰጥቶታል። ሆኖም ጠላት የሚባለው ሳላሃዲን ክቡር ሰው ነው። ለታመመው የክርስቲያኖች ንጉሥ ሐኪሞቹን ሊልክለት ይፈቅዳል፤ ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ወለል ላይ ወድቆ ያገኘውን መስቀል አንሥቶ በጠረጴዛ ላይ ያቆመዋል። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ወንበር በሚማሩበት አገራችን ይህ ትዕይንት ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ለ15 ዓመት ልጅ ከ«ብሬቭሃርት» በፊት ይህን እመርጥለታለሁ። በ«ብሬቭሃርት» ውስጥ ተራው የእንግሊዝ ወታደር ስም የለው፣ እናት የለው፤ ለመታረድ ብቻ የመጣ ነው።

ታሪክ ይማርበታል ስለሚባለው አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ1297 የተደረገው የስተርሊንግ ጦርነት የታወቀው በድልድዩ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ድልድይ የለም። ተዋጊዎቹ የለበሱት የስኮትላንድ ቀሚስ የመጣው ከዋላስ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በፊልሙ ከዋላስ ያረገዘችው ልዕልት ኢዛቤላ እሱ ሲሞት ገና 10 ዓመት ገደማዋ ነበር፤ የምትኖረውም ፈረንሳይ ነበር። ለወጣት ይህን ከመጽሐፍ ጋር እያስተያዩ ማሳየት ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ለሕፃን ግን ያየው ሁሉ የሆነ ነው።

«የእኛ ልጆች እኮ በቤተ ክርስቲያን የጊዮርጊስን ሥዕል እያዩ ነው ያደጉት፤ ጦሩ በደራጎኑ ላይ ተሰክቶ፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና። ተረቱም ቢሆን ጅብ የሚበላው ስንቱን ነው» የሚል ይኖራል። ተገቢ ክርክር ነው። ልዩነቱን ግን አስቡት። ሥዕሉ ይጠብቃል። ልጁ ሲፈራ ፊቱን አዙሮ ሲደፍር ይመለሳል፤ እናቱን ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ያየዋል። ተረቱን ሲሰማም ጅቡን የሚስለው ራሱ ነው፤ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ አያገዝፈውም። ፊልም ጊዜውንም መጠኑንም ከልጁ እጅ ይወስዳል። ተረት ነጋሪዋ አያት የልጁን ፊት እያየች ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ቴሌቪዥን ማንንም አያይም።

ደግሞ ማንም ደረጃ ሰጪ የማያውቃቸው ልጆች አሉን። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በተደረገው ጦርነት የተኩስ ድምፅ የሰሙ፣ ከቤታቸው የተሰደዱ፣ ዘመድ ያጡ ልጆች በየክፍላችን ተቀምጠዋል። በስደት በውጭ አገር የሚያድጉም አሉ። ለሌላው ልጅ «ፊልም ነው» የሚባለው ለእነሱ ትዝታ ነው። መንደር ሲቃጠል የሚያሳይ የ«ፒጂ 13» ፊልም ለአንዱ የ13 ዓመት ልጅ ጨዋታ፣ ለሌላው ቁስል መንካት ሊሆን ይችላል። መምህራን በትምህርት ቤት ፊልም ስታሳዩ እባካችሁ ይህን አስቡ። ልጁ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ከክፍል መውጣት የሚችልበትን መንገድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ፊልሙን ቀድሞ ብቻውን ይየው፤ ማስታወቂያውን ሳይሆን ፊልሙን። ሲያይም ደም አይቁጠር። ታሪኩ ውስጥ ልጅ አለ ወይ? ምን ይደርስበታል? የሚሞተው ሰው ፊትና ስም አለው ወይ? ፊልሙ በሞት ላይ እንድንስቅ ወይም እንድናጨበጭብ የሚፈልገው የት ላይ ነው? ይህን የመለሰ ወላጅ ከማንኛውም ደረጃ ሰጪ የተሻለ ያውቃል፤ ልጁን ያውቃላና።

ልጁ በጎረቤት ቤት አይቶት ከመጣ መቆጣት አይጠቅምም፤ የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ አይናገርም። ምን እንዳየ ይናገር፤ የፈራው እኛ የገመትነውን ላይሆን ይችላል። ከ7 ዓመት በታች ያለን ልጅ «ውሸት ነው» ማለት ብዙ አያጽናናውም። እቀፉት፣ ውኃ ስጡት፣ መብራቱን አብሩለት፣ ሌላ ነገር አብራችሁ ሥሩ። ለትልቁ ግን ማስረዳት ይሠራል። በ«ብሬቭሃርት» ውጊያ ውስጥ ከወደቁት ፈረሶች በርካቶቹ በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ማሽኖች መሆናቸውን ንገሩት። ወታደሮቹን ሆነው የተጫወቱት የአየርላንድ ተጠባባቂ ጦር አባላት መሆናቸውን፣ የሁለቱንም ወገን ልብስ እየለበሱ መቆማቸውን ንገሩት። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል፤ ፊልሙም ከላዩ ላይ ይወርዳል።

ቁጥር ከጠየቃችሁኝ ቁጥር እሰጣችኋለሁ። «ብሬቭሃርት»ን ከ15 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አላሳይም፤ በ15ም ከአዋቂ ጋር፣ ስለ በቀሉና ስለ መስኮቱ እየተነጋገሩ። በዚህ ላይ የብሪታንያውያኑ ፍርድ ከአሜሪካኖቹ ይሻላል ባይ ነኝ። «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በ11 እና በ12 ይሆናል፤ ፊት ለሚፈራ ልጅ ይቆይ። የ1938ቱን ሮቢን ሁድ ግን የዛሬ ልጆች አሮጌ ነው ብለው ሳይንቁት በፊት በ7 እና በ8 ዓመታቸው አሳዩአቸው። ጦርነት በዓይኑ ላየ ልጅ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አይሠራም፤ ለእሱ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት፤ አልፈልግም ካለም ምክንያቱን አትጠይቁት።

አሁን የእናንተን ጥያቄ እቀበላለሁ።